«ካካ» ያልገባው ተርጓሚ፦ ከኡሜዮ እስከ ፕራግ የሞከርኩት አፕ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም። እዚህ ኡሜዮ፣ ሰሜን ስዊድን፣ በየቤቱ እየዞሩ አረጋውያንን የመርዳት ሥራ አግኝታለች። እኔም የምሠራው እሱኑ ነው። «እህቴ፣ ያ የምትጠቀሚበት ተርጓሚ አፕ እንዴት ነው? ልክፈልበት ወይስ ነጻው ይበቃኛል?» አለችኝ።

«ለደብዳቤ ግሩም ነው፤ ለኩሽና ግን አትመኚው» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መልሴ አነሰብኝ። ምን ማለቴ እንደሆነ በምን ታውቃለች? ስለዚህ በደንብ ልጻፈው። ለእሷም፣ እንደ እሷ ለሚጠይቁኝም ይሆናል።

የአፑን ስም አልጠራም። አራት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ። መጀመሪያ ነጻውን፣ በኋላ የሚከፈልበትን። ኡሜዮ ውስጥ በሥራም በቤትም አብሮኝ ነበር። ባለፈው መስከረም ደግሞ ፕራግ እህቴ ጋ ሄጄ አንድ ሳምንት ሙሉ በቼክኛ ሞክሬዋለሁ። ሌሎቹንም አፖች ነካክቻቸዋለሁ። በዋናው ነገር ብዙም አይለያዩም።

መልካሙን ላስቀድም። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲመጣ ይህ አፕ ወንድም ማለት ነው። ስዊድን የደብዳቤ አገር ነች። የግብሩ፣ የማኅበራዊ ዋስትናው፣ የኮሙዩኑ (የከተማው አስተዳደር)፣ የቤት ኪራዩ፤ ሁሉም ይጽፋል። በመጀመሪያው ዓመት ፖስታ በበሩ ቀዳዳ ጠብ ሲል ልቤ አብሮ ጠብ ይል ነበር። አሁን ካሜራውን ወረቀቱ ላይ እደግናለሁ። ስዊድንኛው ይጠፋና በቦታው አማርኛ ይቀመጣል። «እስከዚህ ቀን ድረስ መልስ ይስጡ» የሚለውን አይስትም። ቀንና ገንዘብ ላይ አንድም ቀን አሳስቶኝ አያውቅም። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም አማርኛው ይንሻፈፋል፤ ግሱ የት እንደገባ ትፈልጋላችሁ። ጉዳዩ ግን ይገባል። የአውቶቡስ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለ ጽሑፍ፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሕግ፤ እነዚህንም ይወጣቸዋል። (መድኃኒት ላይ ግን አፑ ቢልም ባይልም ነርሷን ጠይቁ። እኔ ሁሌም እጠይቃለሁ።)

ደብዳቤ የሚሆንለት ያለ ምክንያት አይደለም። የመሥሪያ ቤት ስዊድንኛ ከማልሞ እስከ ኪሩና አንድ ነው። በዚያ ቋንቋ ለልጇ የምታወራ እናት ግን የለችም። በዚያ ቋንቋ ቁርስ የሚጠይቅ አዛውንትም የለም።

አሁን ወደ ኩሽናው።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ነው። ጥር፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ፀሐይ ልትወጣ ገና ሁለት ሰዓት ገደማ ይቀራታል። ዘጠና ዓመት የሞላቸው አንድ እናት ቤት ገባሁ። ስማቸውን አልናገርም። እኔ በልቤ «እማማ» ነው የምላቸው። ቡናውን አፈላሁ፣ መጋረጃውን ገለጥኩ። እማማ ፍሪዘሩን በእጃቸው እያሳዩ አንድ ነገር አሉኝ። ፈጠን ያለ ነው፤ የቃላቱን ጫፍ ይውጡታል። እኔ የያዝኩት «ካካ» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ስዊድንኛዬ የትምህርት ቤት ነው። ኤስኤፍኢ፣ ማለትም መጤዎች በነጻ ቋንቋ የምንማርበት ትምህርት ቤት፣ ጥሩ አድርጎ አስተምሮኛል። እዚያ ያሉ መምህራን ግን እንደ እማማ አይናገሩም። ስልኬን አወጣሁና «ይቅርታ፣ እንደገና?» አልኳቸው። ሳይሰለቹ ደገሙልኝ። ስክሪኑ «አንድ ኬክ አውጣልኝ» ብሎ ጻፈ።

ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ኬክ የለም። የጫካ ፍሬ በጆንያ በጆንያ አለ። ዓሣ አለ። ከሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር አለ፤ ላዩን በረዶ ለብሷል። ኬኩ አልቋል ብዬ ደመደምኩ። ቁም ሳጥኑን ስከፍት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ቀረፋ ያለበት ብስኩት አገኘሁ። ሦስት አውጥቼ በሰሃን አቀረብኩላቸው።

እማማ ሰሃኑን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። አልተቆጡም። እማማ ስኳር አለባቸው። ከሥራ ቦታ የተሰጠኝ ወረቀት ጠዋት ዳቦ በአይብ እንደሚበሉ ይናገራል። እኔ ደግሞ በባዶ ሆዳቸው ጣፋጭ ብስኩት ከፊታቸው አስቀምጫለሁ። ባለ ጎማውን መደገፊያ ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ልረዳቸው ስል በእጃቸው መለሱኝ። ያን ጠፍጣፋ ነገር ከፍሪዘሩ አወጡ። በረዶውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉት። ከሥሩ ጽሑፍ ብቅ አለ። ጣታቸውን በመጨረሻዎቹ አራት ፊደላት ሥር አሳለፉና «ካካ» አሉኝ።

ዳቦ ነው። ክብ፣ የምሳ ሰሃን የሚያህል፣ የጣት ውፍረት ያለው፣ ላዩ በሹካ የተወጋጋ ለስላሳ ዳቦ። አሞቅኩት። ቅቤ ቀባሁት። ከላዩ አይብ በስሱ ላጥኩበት። አይቡ የዚሁ አገር የቬስተርቦተን አይብ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1872 ጀምሮ ቡርትሬስክ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚሠራ፣ ቢያንስ አሥራ አራት ወር ተቀምጦ የሚበስል። እማማ አንዱን ግማሽ ለእኔ ገፋ አደረጉልኝ። «ብይልኝ» ማለታቸው መሆኑ ገባኝ። ለዚያ አፕ አላስፈለገኝም።

ቃሏ እንዲህ ነች። በመጽሐፍ ስዊድንኛ ካካ ማለት ብስኩት፣ ደረቅ ኬክ፣ ሻይ ላይ የምትቀርብ ጣፋጭ ነገር ነው። አንድ ጥፍጥፍ ቸኮላትም «ካካ» ይባላል። ኢንተርኔት ላይ «ኩኪ ይቀበላሉ ወይ?» እያለ የሚጨቀጭቀን ነገርም በስዊድንኛ ካካ ነው። ወደ ሰሜን ስትመጡ ግን፣ በተለይ ትልልቆቹ ሰዎች ዘንድ፣ ካካ ዳቦ ነው። ክብ ሆኖ የሚጋገር የቤት ዳቦ። ጣፋጭነት የለበትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ ዳቦ ልቤ ውስጥ ገብቷል። ሰሜኑ ለስንዴ አይመችም። ክረምቱ ረጅም ነው፤ በጋው ይቸኩላል። ገብስ ግን ቶሎ ይደርሳል። ስለዚህ የድሮው የሰሜን ሰው ዳቦ ገብስ ነው። በየመንደሩ ለመጋገሪያ ብቻ የተሠራች ትንሽ ቤት ነበረች፤ ዛሬም ያሉባቸው ቦታዎች አሉ። በማገዶ የሚነድ የድንጋይ ምድጃ አላት። ጎረቤት ከጎረቤት ተጠራርቶ ይጋግራል። አንዷ ታቦካለች፤ አንዷ ጉጥ ጉጥ ባለው መዳመጫ ታሳሳለች፤ አንዷ በረጅም እንጨት እያነሣች ምድጃው ውስጥ ታገላብጣለች። ከለስላሳው ካካ ሌላ እንደ ወረቀት የሳሳ ቂጣም አላቸው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ለብርድም ለገብስም እንግዳ አይደለሁም። እማማ ከፍሪዘር ያወጡትን ካካ ስቆርስ የመጣብኝ ሽታ የእናቴ የገብስ ዳቦ ነው። ሁለት ብርዳም አገሮች አንድ እህል ይዘው ኖረዋል።

ታዲያ አፑ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው የመጽሐፉን ካካ ነው። በዚያ ላይ መንገዱ ጠማማ ነው። ከስዊድንኛ ወደ አማርኛ በቀጥታ የተተረጎመ ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ እንዲህ ያሉ አፖች ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ዞረው ነው የሚመጡት። የእማማ ዳቦ መጀመሪያ እንግሊዝኛ ሆና ትጣፍጣለች፤ ከዚያ አማርኛ ሆና ኬክ ትባላለች። በኋላ ቤቴ ገብቼ በጽሑፍ ሞከርኩት። «ካካ በቅቤና በአይብ» ብዬ በስዊድንኛ ጻፍኩለት። «ኬክ በቅቤና በአይብ» አለኝ። ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ይጠራጠር ነበር። ኬክ ላይ ማን ነው አይብ የሚያደርገው?

ማስተካከያ የሚላክበት ቦታ አለው። ላክሁ። «በሰሜን ስዊድን ካካ ዳቦ ማለት ነው» ብዬ ለማለት ፈለግሁ። ግን «በሰሜን» የሚባል ሳጥን የለውም። ዝርዝሩ ውስጥ «ስዊድንኛ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ትክክለኛ ትርጉም ብቻ ጻፊ ይላል፤ የት እንደሚባል አይጠይቅም። እንግዲህ የኡሜዮን ቃል ባስተካክል የስቶክሆልሙን ላበላሽ ነው። ተውኩት። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ጉድለት ይህ ነው። ዋጋም ሆነ ባትሪ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። «አውጣልኝ» ያለውን አስተውላችኋል? እማማ የሚያወሩት ለእኔ ነው፤ እኔ ሴት ነኝ። አፑ ግን ሁሉንም ሰው «አንተ» ይላል። በስዊድንኛ «ዱ» አንተም አንቺም እርስዎም ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ብሮር ሬክስድ የተባለ የጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊ በእ.ኤ.አ. 1967 ሠራተኞቹን ሁሉ «ዱ» ብሎ እንደሚጠራ ተናገረ፤ በዚያው ዘመን አገሩ ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ስለዚህ ስዊድኖቹ እርስ በርስ «ዱ» ሲባባሉ ንቀት የለበትም። ወደ አማርኛ ሲመጣ ግን ይቆረቁራል። አንድ ጊዜ ነርሷ ለእማማ የተናገረችውን ልስማ ብዬ ስልኩን ከፈትኩ። «ዛሬ እንዴት ነህ?» አለ። የዘጠና ዓመት እናት! ስልኬን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ሴት»፣ «አክብሮት» ብሎ መምረጫ ቢያስቀምጡለት ምን ነበረበት? ለአማርኛ ይህ ጌጥ አይደለም። ያለ እሱ ሰው አናግረናል አንልም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። «አዎ» ወደምንለው።

ስዊድኖች ሁለት «አዎ» አሏቸው። ተራው «ያ» ነው። አንድ ሰው «አልበላህም እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ «ኧረ በልቻለሁ» ለማለት ደግሞ «ዩ» ይላሉ። ትምህርት ቤት ይህን ለመለየት ብዙ ለፍተናል። ሰሜን ስትመጡ ግን «ዩ» በየቦታው ነው። ቡና ትፈልጋለህ? ዩ። ዝናብ ነው? ዩ። ማንንም መቃወም የለም። ተራ አዎ ነው። አፑ ግን እያንዳንዷን «ዩ» «እንዲያውም አዎ» እያለ ይተረጉመዋል፤ ሰዎቹን ሁሉ ተከራካሪ ያስመስላቸዋል።

ከዚያም አልፎ እዚህ አዎ የሚባለው ያለ ቃል ነው። ከንፈራቸውን ሰብሰብ ያደርጉና አየር ወደ ውስጥ ይስባሉ። በቃ። በስትሮ የመጨረሻዋን ጭማቂ እንደ መሳብ ያለ አጭር ድምፅ። ይህ አዎ ነው። ኡሜዮ በዚህ ታወቀች።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ከአንዲት ሶርያዊት ባልደረባዬ ጋር አንድ ሽማግሌ ቤት ገባን። እሷ «መድኃኒትህን ወሰድክ?» አለቻቸው። አባት አየሩን ሳብ አደረጉ። ልጅቷ ደነገጠች። ትንፋሽ ያጠራቸው መስሏት ወደ ስልኳ ሄደች። እኔ እጇን ያዝኩ። «ወስጃለሁ ማለታቸው ነው» አልኳት። እንዴት አወቅሽ አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? እኛም አገር እኮ እንዲሁ ነው! ሰው ሲያወራን እየሰማን መሆኑን የምንነግረው በትንፋሽ ነው። «እ!» ብለን ወደ ውስጥ እንስባለን። እናቴ ስልክ ላይ ሙሉ ወሬ የምትሰማው በዚች ትንፋሽ ነው። የእኛ ከጉሮሮ ከፈት ይላል፤ የእነሱ ከከንፈር ይጠባል። ትርጉሙ ግን አንድ ነው። ከኢትዮጵያ እዚህ ድረስ ስመጣ ቋንቋዬን ትቼ የመጣሁ መስሎኝ ነበር። አንዷ ቃል ቀድማኝ እዚህ ጠበቀችኝ።

ያኑ ዕለት ማታ አፑን ፈተንኩት። የጎረቤቴን ፈቃድ ጠይቄ ስልኩን መሃላችን አስቀመጥኩ። «ቡና ላፍላ?» አልኩ። ትንፋሹን ሳበ። ሦስት ነጠብጣብ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብልጭ አለች። «እየሰማሁ ነው» አለ። እንደገና ጠየቅሁ፤ እንደገና ሳበ። «ምንም ድምፅ አልተሰማም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አለ። እዚህ ላይ «እባክዎ» ማለቱን ያውቃል! ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ መልሷል። እኔ ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። ቡናውን አፈላሁ።

ፕራግ።

እህቴ ዢሽኮቭ በሚባለው ሰፈር ከቼካዊ ባሏና ከሦስት ዓመት ልጇ ጋር ትኖራለች። የሚከፈልበትን የገዛሁት ለዚህ ጉዞ ብዬ ነው። ቼክኛውን ስልኬ ላይ አውርጄ ያለ ኢንተርኔት ልጠቀምበት ስለምችል ነው። ይህ ክፍሉ በትክክል ሠርቷል። ትራም ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ ምግብ ቤት ዝርዝር ላይ አላሳፈረኝም። አሮጌው ከተማ አደባባይ የቆመው የቼኩ ሰባኪ የያን ሁስ ሐውልት ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩበት። «እርስ በርሳችሁ ተዋደዱ፤ ለሰው ሁሉ እውነትን ተመኙ» የሚል ነው። እዚያው ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ግን አንድ ጥፋት አለው። ቋንቋውን በራሱ ይለያል ተብሎ ነው የሚሸጠው። ረጅም ጽሑፍ ሲሆን ይለያል። አንድ ሁለት ቃል ሲሆን ግን የለመደውን ይይዛል። የእኔ ስልክ የለመደው ስዊድንኛ ነው። ካርታዬ ላይ ያን ሁስ የሚለውን ሳሳየው «ያን ቤት» አለኝ። «ሁስ» በስዊድንኛ ቤት ነዋ። በእ.ኤ.አ. 1415 ስለ እምነቱ በእሳት የተቃጠለ ሰው «ቤት» ተብሎ ሲቀር ደስ አይልም። ያረፍኩበት ሕንፃ መግቢያ ላይ የእንግዳ ስም የሚሞላበት ቅጽ ነበር። በቼክኛ እንግዳ «ሆስት» ነው። አፑ «ሳል» አለኝ። በስዊድንኛ ያቺው ቃል «ሁስት» ተብላ ትነበባለች፤ ሳል ማለት ነች። ፊደሉ አንድ፣ አፉ ሁለት። ስለዚህ ፕራግ ስትገቡ መጀመሪያ ቋንቋውን በእጃችሁ ቆልፉት። «በራሱ ይለይ» የሚለውን አጥፉ። ግማሹ ችግር እዚያ ያልቃል።

«ዩ» እዚያም ጠበቀችኝ። በላቲን ፊደል አጻጻፏ ያው ነው፤ ቼኮች ግን «ዮ» ብለው ያነቧታል። ደንበኛው አዎ «አኖ» ነው። «ዮ» የቤትና የጓደኛ አዎ ነች። ድምፁ ወደ ላይ ከወጣ «እውነት?» ማለት ነች። የእህቴ ባል ስልክ ይዞ «ኖ… ኖ… ኖ ዮ» ሲል እንግሊዝኛ መስሎኝ የሆነ ነገር እንቢ እያለ ነው ብዬ ነበር። «ኧረ እየተስማማ ነው፤ ‹ኖ› እኮ ‹እሺ፣ እንግዲህ› ማለት ነው» አለችኝ እህቴ። አፑን ብጠይቀው «ኖ ዮ» የምትለዋን «ደህና አዎ» አላት። ሰውየው ግን ትከሻውን ሰብቆ «እንግዲህ ምን ይደረጋል» እያለ ነበር።

አንድ ከሰዓት ልጁን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ሰፈሩ ውስጥ 216 ሜትር የሚረዝም የቴሌቪዥን ማማ አለ። ማማው ላይ ግዙፍ ሕፃናት በእጅና በጉልበታቸው እየዳኹ ሲወጡ የሚያሳዩ ቅርጾች ተለጥፈውበታል። ልጁ እነሱን ማየት ይወዳል። አማርኛ ይሰማል፤ የሚመልሰው ግን በቼክኛ ነው። «ቴታ» ይለኛል፣ አክስቴ ማለቱ ነው። ምን ምን እንደሚለኝ እንዳያመልጠኝ አፑን ክፍት አድርጌ በእጄ ይዤዋለሁ።

ድንገት እጄን ጎተተ። እግሮቹን አጠላለፈ። «ቴታ፣ ካካ!»

ስልኬን አየሁ። «አክስቴ፣ ኮኮዋ» ይላል።

ኮኮዋ! እኔ ግን ያነሣሁት ቀድሜ ነው። ታቅፌው ወደሚቀርበው ካፌ እየሮጥኩ ነበር። ኢትዮጵያ ያደገ ማንም ሰው «ካካ!» እያለ እግሩን የሚያጠላልፍ ሕፃን ኮኮዋ አማረው አይልም። ቼኮችም ለሕፃን «ካካት» ይላሉ፤ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ደረስን። ተረፍን። ማታ ለእህቴ ስነግራት «ከአባቱም ከእኔም የሚሰማው ያንኑ ነው፤ ከማን እንደያዘው እሱም አያውቅም» አለችኝ።

ኡሜዮ ላይ ይህች ቃል ዳቦ ናት፤ ለእንግዳ የምትቆረስ። ፕራግ ላይ ሕፃን ይዞ የሚያስሮጥ ነገር ነች። አፑ በአንዱ ኬክ፣ በሌላው ኮኮዋ አደረጋት። ሁለቱንም ጊዜ ጣፋጭ ሰጠኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስህተት ነበር።

ስመለስ ለእማማ ነገርኳቸው። አሁን ስዊድንኛዬ ይችላል። ቡናቸውን ይዘው፣ ካካቸው በአይብ ከፊታቸው ሆኖ ነው። ቁርሱን ይጨርሱ ብዬ ልጠብቅ ነበር፤ አላስቻለኝም። ሰምተው ዝም አሉ። ዳቦውን አዩት። ከዚያ እስኪያለቅሱ ሳቁ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን በናፕኪን ጠርገው ቁራሿን አነሡ። «ይጣፍጣል?» አልኳቸው። አየሩን ሳብ።

ስለ ዋጋው ላሳጥር። የሚከፈልበት በወር ኡሜዮ ውስጥ የአንድ ሰው ምሳ ያህል ነው። ለዚያ ገንዘብ የምታገኙት ያለ ኢንተርኔት መጠቀምና ረጅም ንግግር መቅዳት ነው። አገር ለቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ለአንድ ወር ክፈሉ፤ ስትመለሱ ሰርዙ። ለሥራ ብላችሁ ግን አትክፈሉበት። ባትሪም ይበላል። በድምፅ ስትጠቀሙበት ግማሽ ቀን አይዘልቅም፤ እዚህ በክረምት ብርድ ደግሞ ስልክ ራሱ ቶሎ ይደክማል። አማርኛው በድምፅ ሲያነብ ከሁለት ዓመት ወዲህ በጣም ተሻሽሏል፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ግን አሁንም ያሳስተዋል። ከአምስት ኮከብ ለደብዳቤ አምስት፣ ለጉዞ አራት፣ ለኩሽና አንድ እሰጠዋለሁ።

ለዚያች ልጅ የምላት ይህን ነው። የመጀመሪያ ቀን ስትገቢ ስልክሽን ኪስሽ ውስጥ አድርጊው። ፍሪዘሩን ከፍተሽ «ይህ ምን ይባላል?» በያቸው፣ በእጅሽ እያሳየሽ። ደስ ብሏቸው ይነግሩሻል። አንዳንዶቹ ቃሉን ወረቀት ላይ ይጽፉልሻል። የእማማ ወረቀት ፍሪዘራቸው በር ላይ በማግኔት ተለጥፎ አራት ዓመቱ ነው። አሥራ ሰባት ቃል ደርሷል። አንደኛው ካካ ነው። ትንፋሹን ደግሞ አትጨነቂበት፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

እኔ የሚከፈልበትን ትናንት ሰርዣለሁ። ነጻው ስልኬ ላይ አለ። ዛሬ ጠዋት ከግብር መሥሪያ ቤት ሁለት ገጽ ደብዳቤ መጥቶልኛል፤ ቡናዬን ጠጥቼ ካሜራውን እደግንበታለሁ።